ለማይጠይቅ ሰው የሚሰጥ ውሃ

ከባድሪ ሆድ ወጣ የተባለው ጠጠር በትንሽ የሻይ ብርጭቆ ተደርጎ ከሬዲዮኑ አጠገብ ተቀምጧል። ጥቂት ቡናማ ጠጠሮች ናቸው፤ ትልቁ የሽምብራ ፍሬ ያክላል። ከሆስፒታል በወጣችበት ቀን ልጇ ቤህዛድ በመሐረብ ጠቅልሎ አምጥቶ፣ «ይኸው ማማን፣ ሲያሰቃዩሽ የነበሩት ጉዶች እነዚህ ናቸው፤ ተገላገልሽ» ብሎ አስረከባት። እሷም ለጠያቂ ሁሉ ብርጭቆውን እያነሳች ስታሳይ ከረመች። የጎረቤት ሴቶች እየተቀባበሉ በመስኮቱ ብርሃን አዩትና፣ «ወይ ጉድ! ይሄን ሁሉ ተሸክመሽ ነው ገበያ ስትወጪ የኖርሽው?» ብለው ተደነቁ። ጠጠሩ የማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አይታወቅም። ቤህዛድ ከአንድ የሆስፒታል ተላላኪ ለምኖ ያገኘው ነው። የእናቱን ሆድ የከፈቱት ሐኪሞች ውስጡን አዩት፣ እርስ በርሳቸው ተያዩ፣ አንድም ነገር ሳይነኩ መልሰው ሰፉት።

በእኛ በሺራዝ ለበሽተኛ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ቤተሰቡ ኮሪደር ላይ ይሰማል፣ ጓዳ ገብቶ ያለቅሳል፣ ከዚያ ፊቱን ታጥቦ በሽተኛው ዘንድ ይገባና ስለ ሩዝ መወደድ ያወራል። ጨክነን አይደለም። የቀሩት ቀኖች በተስፋ ይለፉለት ብለን ነው፤ እውነቱን ለመናገር ደግሞ ፊቱን ማየት ስለምንፈራ ነው። ባድሪንም «የሐሞት ጠጠር ነበር፣ ወጣ፣ አለቀ» አሏት፤ አመነች። ለምን አታምን? ብርጭቆው ቁጭ ብሏል። ክብደቷ ሲቀንስ «ቀዶ ጥገና እኮ ነው» አሏት፤ ዓይኗ ቢጫ ሲሆን «የመድኃኒቱ ጠባይ ነው» አሏት፤ ይህንንም አመነች፤ ደግሞም ማመን ፈልጋ ነበር። ይህ ሁሉ እስከዚያ ማክሰኞ ጧት ድረስ ነው።

ማክሰኞ ጧት ቁርስ ቀርቦ ነበር፤ ቂጣ፣ አይብ፣ ለውዝና በቀጭኑ የተከተፈ ኪያር። ቤህዛድ ወደ ሥራ ከመውጣቱ በፊት ከቦርሳው ቡናማ የፋርማሲ ጠርሙስ አወጣ። የኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ሲዋሽ ድምፁ ደንበኛ እንደሚያነጋግር ሰው ይስተካከላል። «ዶክተሩ ከቴህራን ያስመጣልሽ ነው። ለምግብ ፍላጎት። ከምግብ በፊት በትንሽ በትንሹ ትጠጪዋለሽ» አለ። ሚስቱ ማርዚዬ ከእጁ ነጥቃ በሻይ ብርጭቆ ቀዳችና ለአማቷ አቀበለቻት። ባድሪም ብርጭቆውን ወደ አፏ አስጠጋች፤ ከአፏ በፊት ግን አፍንጫዋ ደረሰ።

ባድሪ የአበባና የቅጠል ውሃ ከሚያወጡ ሰዎች የተወለደች ናት። አባቷ በመዳብ ድስት አበባና ውሃ ጥደው፣ ክዳኑን በሊጥ ለስነው፣ እንፋሎቱን በቱቦ እየመሩ በቀዝቃዛ ውሃ መሀል በተቀመጠ ገንቦ ያንጠባጥቡት ነበር። ከላይ የሚንሳፈፈውን ቅባት ሽቶ ሠሪዎች ይወስዱታል፤ ከስር የሚቀረው መዓዛ ያለው ውሃ ለሱቃቸው ነው። ናና ለሆድ ቁርጠት፣ እንስላል ለጨጓራ፣ ካስኒ የሚባለው መራራ ቅጠል ለጉበት፣ የአኻያ አበባ ለልብ። ባድሪ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከወንድሟ ከሹክሩላ ጋር ያንን ሱቅ ይዛ ነው ሁለት ልጆች ያሳደገችው። ዓይኗን ጨፍና ናናው ጧት የታጨደ ይሁን ቀትር ላይ ትለየዋለች። ቤህዛድ ይህን ሁሉ ያውቃል፤ ግን እንደ ብዙ ልጆች የእናቱን ሙያ እንደ ድሮ ወሬ እንጂ ዛሬም እንደሚሠራ ነገር አያስበውም።

በዚያ ሱቅ ስም የሌለው፣ መደርደሪያ ላይም የማይወጣ አንድ ውሃ አለ። የበሽተኛ ዘመድ ይመጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሐኪሞቹ በቃ ብለዋል፤ የማይጎዳው ነገር ስጡኝ፣ መድኃኒት እየወሰደ መሆኑን ብቻ ይወቅ» ሲል የሚቀላቀል ነው። አብዛኛው የአኻያ አበባ፣ ቀሪው የኮምጣጣ ብርቱካን አበባ፣ በላዩ ጠብ ያለች ካስኒ። ካስኒዋን የጨመሩት አባቷ ናቸው። ጣፋጭ ነገር የሰጡት በሽተኛ አያታልሉትም ይሉ ነበር፤ ትንሽ ሲመረው ነው መድኃኒት ነው ብሎ የሚያምነው። በከተማው ሌላ ሱቅ እንዲህ አይቀላቅልም። ቤተሰቡ ለራሱ «ለማይጠይቅ ሰው የሚሰጥ ውሃ» ይለዋል፤ ምክንያቱም አባቷ ለሁለቱ ልጆቻቸው ሲያስረክቡ አንድ ነገር አስምለዋቸዋል። በሽተኛው ራሱ መጥቶ ከጠየቃችሁ አትዋሹትም።

መጀመሪያ አኻያው መጣ፣ ከኋላው የብርቱካኑ አበባ፣ ከሁለቱ ኋላ ደግሞ ያቺ ካስኒ። ባድሪ ብርጭቆውን አፏ ላይ እንዳደረገች ቀረች።

«ምነው ማማን፣ ሸተተሽ?»

«አይ። ደስ ይላል» አለችና ጠጣችው። «ትንሽ ይመራል።»

«መድኃኒት ነዋ!» አለች ማርዚዬ በጣም ደስ ብሏት።

ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያውቅ ስለ ሞት የሚያስብ ይመስለናል። ባድሪ ያሰበችው ስለ መከር ነው። የልጇ የፓራስቱ ሠርግ የተቆረጠው ለመከር ነበር። ፊታችን ሙሐረም አለ፤ ሙሐረምና ከሱ የሚከተለው ወር የሐዘን ወሮች ናቸውና ማንም ሺራዛዊ በነዚያ ወሮች አይዳርም። ባድሪ በብርዱ ወራት፣ ገና ሆዷን ሳያማት፣ «ከሙሐረም በፊት ጨርሱና ልረፍ» ብላ ለምና ነበር። ፓራስቱ ቤቱን በጩኸት ሞላችው። አፓርታማው ቀለም አልተቀባም፤ ቀሚሷን የምትሰፋው ሴት ኢስፋሃን ናት፤ እጮኛዋ ከይቫን ፈተና አለበት፤ «ደግሞ ሠርጉ የኔ ነው የአንቺ?» እናትና ልጅ ለቀናት ተኳርፈው፣ ጨው አቀብዪኝ ለመባባል እንኳ ማርዚዬን አስታራቂ አድርገው ነበር። በመጨረሻ ያሸነፈችው ፓራስቱ ናት። አሁን ባድሪ ሠርጉ እንዲቀደም ብትጠይቅ «ለምን?» ሊሏት ነው፤ ለምን እንደሆነ ደግሞ በዚህ ቤት የሚናገር ሰው የለም። እሷ እንዳታውቅ ሲሉ፣ እሷ ሳትኖር ፓራስቱን ሊድሯት ነው።

ቤህዛድ እንደ ወጣ ከራስ እስከ እግር የሚሸፍነውን ጥቁር ቻዶሯን አነሳች። «ወደ ቅዱሱ መቃብር ለዚያራ ልሂድ» ስትል ማርዚዬ በር ላይ ቆመች። «ቤህዛድ እኮ እንዳትወጣ ብሏል! ሙቀቱን አታዪውም?» «ጠጠሩ ወጥቶልኝ የለ እንዴ፤ ምን ያደርገኛል?» አለቻት ባድሪ፤ ማርዚዬም ከበሩ ዞር አለች። እስከ ዋናው መንገድ በግድግዳው ጥላ ጥላ ሄደች። በየግቢው የኮምጣጣ ብርቱካኑ አበባ ረግፎ አልቋል፤ አስፋልቱ ላይ ቡናማ ሆኖ የቀረውን የጎዳና ጠራጊዎች ይሰበስቡታል። ታክሲው ውስጥ አንድ ተማሪና ሁለት ሽማግሌዎች ነበሩ። ሽማግሌዎቹ ስለ ሥጋ ዋጋ ያወሩ ነበር፤ አንደኛው «እኛማ ሥጋን ከልኳንዳው መስታወት ውጪ ሆነን ሰላም ብለነው ነው የምናልፈው» አለ። ሾፌሩ ሳቀና፣ «ሺራዞች ሰነፎች ናቸው፣ አይቸኩሉም ይሉናል፤ እውነት ነው፣ በዚህ ከተማ የሚቸኩለው የቤት ኪራይ ብቻ ነው» አለ። ባድሪም ሳቀች። ከዚያ መሳቋ ገረማት፤ እንደ ትናንትናው ነው የሳቀችው።

ሱቁ አሮጌው ገበያ ጥግ ላይ ያለች፣ ሁለት ሰው ጎን ለጎን የማያስገባ ጠባብ ቤት ናት። በግራና በቀኝ እስከ ጣሪያው ጠርሙስ ተደርድሯል፤ ከመደርደሪያው ስር አንገተ ቀጭን ትልልቅ ብልቃጦች በሣር ቅርጫት ውስጥ ቆመዋል። ግድግዳው ላይ በፍሬም የተሰቀለ ወረቀት አለ። ከጥቂት ዓመት በፊት የዩኒቨርሲቲ ልጆች መጥተው ከየውሃው በትንሽ በትንሹ ወስደው ነበር። በመሣሪያቸው መርምረው፣ ከውሃው እየተነነ ወደ አፍንጫ የሚወጣው ነገር ስም ያለው፣ የሚመዘን ነገር እንደሆነ፣ የብርቱካኑ አበባ ውሃ ደግሞ የፈሩ አይጦችን እንዳረጋጋ ጽፈው ላኩ። ለሰውም ይሠራ እንደሆነ ገና አላወቅንም ብለው ከስር ጨምረዋል። ሹክሩላ ይህን የመጨረሻውን መስመር በፍሬሙ ጠርዝ ሸፍኖታል። ባድሪ በዚህ ስትቀልድበት ነው የምትኖረው።

እሷን ሲያይ ወንድሟ ከወንበሩ ብድግ አለ። ዕድሜው ስልሳ ሊሆነው ነው፤ ታላቅ እህቱ ናትና እስካሁን እንደ ልጅነቱ «አብጂ» ይላታል። «አብጂ! ምን ልትሠሪ መጣሽ? ማን አመጣሽ?» እያለ ወንበሩን ለቀቀላት፤ ወንበሩ ላይ አቧራ ሳይኖር አራገፈው። ተቀመጠች። ስለ ሙቀቱ ተነጋገሩ። ስለ ጽጌረዳው ምርት ተነጋገሩ፤ ዘንድሮ ዝናቡ ስለቀረ አበባው ትንሽ ነው፣ ሽታው ግን ጠንካራ ነው አላት። ሹክሩላ ጨርቅ አንስቶ የተወለወለውን ጠርሙስ መልሶ ይወለውል ጀመር። ባድሪ ጥያቄውን መንገዱን ሙሉ አዘጋጅታ ነበር፤ አፏን ልትከፍት ስትል አንዲት ሴት በሩን ሸፍና ቆመች።

ሴትየዋ ወጣት ናት፤ እጇ ላይ የሆስፒታል ፌስታል አንጠልጥላለች። ወደ ባንኮኒው ጠጋ ብላ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «አጋ ሹክሩላ እርስዎ ነዎት? ጎረቤቴ ናት የላከችኝ። ለባለቤቴ ነበር… ሐኪሞቹ ምንም የለም ብለዋል። አንድ የሚጠጣው ነገር…» ብላ ቀሪውን ዋጠችው። ሹክሩላ ፊቱ ጠቆረ። እህቱን በዓይኑ ጠርዝ አየና፣ «የለንም» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር እኛ ጋ የለም እህቴ፤ ተሳስተሽ ነው።» ሴትየዋ ግን አልሄደችም። «ከዚህ ነው የወሰድኩት ብላኛለች። ለአባቷ። ልክ ይህ በር ነው። እባክዎ፣ ዛሬ ባዶ እጄን ብገባ ያውቅብኛል» አለች።

ያን ጊዜ ባድሪ ተነሳች። ባዶ ጠርሙስ አወረደች፣ በብርሃን አየችው፣ አፈ ሰፊ የመቅጃ ቱቦ አፉ ላይ ተከለች። አኻያውን ቀዳች። የብርቱካኑን አበባ ቀዳች። ካስኒውን ሳትለካ ጠብ አደረገችና ቡሹን ገጥማ በመዳፏ መታ መታ አደረገችው። ሹክሩላ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ያያታል።

«ጠይቆሻል?» አለቻት ሴትየዋን።

«ምኑን?»

«ምን እንደያዘው።»

«አልጠየቀም ካኖም። ሲጠይቅ አላየሁትም።»

«ከጠየቀሽ ንገሪው።»

«ወንድሞቹ እምቢ አሉ፤ ይሰበራል አሉኝ።»

«ይሰበር፤ ይጠገናል። ሊነግራቸው የፈለገው ነገር ሊኖር ይችላል» አለችና ጠርሙሱን በጋዜጣ ጠቀለለችላት። ሴትየዋ መሐረቧን ፈትታ ገንዘብ ልታወጣ ስትል ባድሪ እጇን ያዘቻት። ለዚህኛው ውሃ አባቷም ዋጋ ተቀብለው አያውቁም።

ሴትየዋ ስትሄድ ሱቁ ውስጥ የቀረው የብርቱካኑ አበባ ሽታ ነው። ሹክሩላ ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል። ትከሻው ከፍ ዝቅ ይላል።

«ካስኒውን ባትጨምርበት ኖሮ አላውቀውም ነበር» አለችው።

«አውቃለሁ» አለ ሳይዞር።

ባድሪ ይህን አልጠበቀችም። እጁ ለምዶ ተሳስቶ ነው፣ ወይም ከበሽታዬ ወዲህ አፍንጫዬ የሞተ መስሎት ነው ብላ ነበር። ለካ ቤህዛድ መጥቶ «አጎቴ፣ የማትለየው ነገር ስጠኝ» ሲለው፣ ሹክሩላ እሺ ብሎ፣ ካስኒዋን አውቆ ጠብ አድርጎባት ነው። በአንደበቱ ሊነግራት አቅም አጣ፤ በእጁ ነገራት። የዋህ ወንድሟን እዚያው አቅፋ ብታለቅስ በወደደች። ሹክሩላ ዓይኑን በክንዱ ጠረገና ዞረ። «ውሸት ብቻም አይደለም እኮ» አለ፤ «ልብ ያረጋጋል። ወረቀቱ እዚያ አለ።»

«አዎ፣ አይጦቹ ተረጋግተው ነበር» አለች ባድሪ።

ሁለቱም ሳቁ። ሹክሩላ ሳቁ መሀል ላይ ተሰበረበትና ባንኮኒው ላይ ተደፋ። ባድሪ እንደ ልጅ ጊዜው ጀርባውን መታ መታ አደረገችው። ቀና ሲል፣ የቀረውን ጥያቄ ከፊቷ ላይ አነበበው፤ ስንት ጊዜ አለኝ የሚለውን። «ሌላውን ግን አትጠይቂኝ አብጂ። በአባታችን መቃብር፣ አትጠይቂኝ። ከጠየቅሽኝ እነግርሻለሁ፤ ምያለሁ። ብነግርሽ ደግሞ እኔ ከዚህ ሱቅ ቆሜ አልወጣም» አላት። እሷም አልጠየቀችም። ለራሷ ግን ሒሳብ ይዛለች። ሙሐረም ከመግባቱ በፊት ሁለት ሙሉ ወር አለ፤ በእግሬ ሄጄ፣ ታክሲ ተሳፍሬ የመጣሁ ሰው ሁለት ወር አያንሰኝም አለች በልቧ። ሠርጉን ወደዚያኛው ወር መጨረሻ ከሳብኩት በቃኝ። «ማታ እራት ና» አለችው፤ «የጎመን ሩዝ አለ።»

ከሰዓት በኋላ ፓራስቱ መጣች። ትንሽ ልጅ እያለች እንደምታደርገው ጫማዋን በር ላይ በትና ገባች። እናቷ ምንጣፉ ላይ ጋደም ብላ አገኘቻት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ስለ አፓርታማው ሠራተኞች ስንፍና ትጀምር ነበር፤ አሁን ግን ማበጠሪያ አምጥታ ከጀርባዋ ተቀመጠች። የባድሪ ፀጉር ሳስቷል። ፓራስቱ ማበጠሪያው ላይ የቀረውን እየሰበሰበች፣ እናቷ እንዳታይ፣ በቀሚሷ ኪስ ትከትተዋለች። ባድሪ ግን ፊት ለፊት ባለው የቁም ሳጥን መስታወት ታያታለች። «ከይቫን ደህና ነው?» «ደህና ነው።» «ፈተናውስ?» «ምን ፈተና?» አለች ፓራስቱ፤ ከዚያ አስታወሰችና «እ፣ ደህና» አለች። ባድሪ ይህን ልብ አለች። በብርዱ ወራት ቤቱን ያናወጠ ፈተና አሁን ተረስቷል። ዞር ብላ «ልጄ፣ እኔ እኮ አውቃለሁ» ልትላት ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። የልጅቷ ዓይን ቀልቷል። «ሽንኩርት ከትፌ ነው» አለች ፓራስቱ ሳትጠየቅ። ባድሪም ቃሉን ዋጠችው። ይህን ያህል ደክመው የሠሩትን ውሸት በአንድ ቃል ማፍረስ አሳዘናት።

ማታ የእራቱ ጨርቅ መሬት ላይ ተዘረጋ። ማርዚዬ ሩዙን በትሪ ገልብጣ አመጣች፤ ጎመን፣ ትንንሽ የሥጋ ድቡልቡል፣ ዙሪያውን እንስላልና ባሲል። የተከተፈ ኪያርና ቲማቲም በኮምጣጤ አለ። ሹክሩላ በር አካባቢ ተቀምጦ አንገቱን ደፍቷል፤ ቤህዛድ እናቱ ሳህን ላይ ይቆልላል። «ብዪ እንጂ ማማን፣ ያ መድኃኒት አልሠራም እንዴ?» ባድሪ አንድ ማንኪያ ቀመሰች። ከዚያ ቀኑን ሙሉ ያሰላችውን ነገር፣ እንደ ተራ ወሬ፣ ጣል አደረገችው።

«ሠርጉን ከሙሐረም በፊት ብናደርገውስ? በመከር ዝናብ ይመጣብናል፤ የአዳራሹ ግቢ ይጨቀያል።»

ሺራዝ ውስጥ በመከር መጀመሪያ ዝናብ አይታወቅም። ሕፃንም ያውቃል። ባድሪ ይህን ምክንያት የመረጠችው ሌላ ስላጣች ነው፤ ለጠብም ተዘጋጅታ ነበር። ስለ አፓርታማው፣ ስለ ቀሚሱ፣ ስለ ፈተናው መልስ መልሳቸውን ይዛ ነው የተቀመጠችው። ማንም ስለ ዝናቡ አልተከራከራትም። ማርዚዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ቤህዛድ እህቱን አየ።

«እሺ» አለች ፓራስቱ።

«ቀሚስሽስ?» አለቻት ባድሪ፤ እንዲያውም ትንሽ እንድትከራከራት የፈለገች ይመስል ነበር።

«የማርዚዬን እለብሳለሁ። ይሆነኛል።»

«አፓርታማው አልተቀባም ብለሽ…»

«እዚሁ ቤት እናደርገዋለን። ግቢው ይበቃል።»

«እንግዲያው» አለች ባድሪ ቀስ ብላ፣ «ወደዚያኛው ወር መጨረሻ ላይ፣ ሙሐረም ሲቃረብ…»

«ማማን» አለች ፓራስቱ። ሩዙን በጣቷ እየለቀመች ነው፤ ቀና አላለችም። «የሚመጣው ሐሙስ ቢሆንስ?»

ባድሪ ፓራስቱን፣ ከዚያ ቤህዛድን፣ ከዚያ ወንድሟን አየች። ከመሀላቸው አንድ ሰው እንኳ «ምን ያስቸኩላል?» ይላል ብላ ጠበቀች። ማንም አላለም። ቤህዛድ «ሐሙስ ጥሩ ነው» አለ፤ ድምፁ የደንበኛ ማነጋገሪያ ድምፅ አልነበረም። ማርዚዬ የሞላውን የውሃ ማንቆርቆሪያ ይዛ ልትሞላው ወደ ጓዳ ሄደች። ባድሪ ወራት ለምና ነበር፤ ልጇ ቀኖች ሰጠቻት። ሹክሩላን ሳትጠይቀው የተወችው ጥያቄ መልሱ ይኸው መጣላት። ለጥቂት ጊዜ ሩዙም ሰዎቹም ራቋት። ሲመለሱላት የፓራስቱ ጣት ያቺኑ አንዲት ፍሬ ሩዝ ሲገፋ አየች።

«ሐሙስ ይሁን» አለች። «ያን ጠርሙስ አምጡልኝ። ብርጭቆም ለሁላችሁም።»

ማርዚዬ ጠርሙሱንና የሻይ ብርጭቆዎቹን አመጣች። ባድሪ ራሷ ለእያንዳንዱ ቀዳች፤ ለቤህዛድ፣ ለፓራስቱ፣ ለማርዚዬ፣ በመጨረሻም ለሹክሩላ።

«የአንቺ መድኃኒት እኮ ነው ማማን» አለ ቤህዛድ። «እኛ የምግብ ፍላጎት አላጣንም።»

«ጠጣ። ለልብ ነው።»

ቤህዛድ እናቱን አየና ብርጭቆውን አነሳ። ሁሉም ጠጡ። ፓራስቱ ፊቷን አጨፈገገች። «ምንድን ነው የሚመረው?»

«ካስኒ ነው» አለች ባድሪ። «አያታችሁ ናቸው የጨመሩበት። ካልመረረው በሽተኛው አያምንም ብለው።»

ፓራስቱ ብርጭቆውን እንደያዘች ወደ እናቷ ጭን ተደፋች፤ ቀኑን ሙሉ በሽንኩርት ስታሳብብ የዋለችው ልቅሶ አሁን ያለ ሰበብ ወጣ። ሹክሩላ ሁለት እጁን ዓይኑ ላይ ጫነ። ባድሪ የልጇን ጭንቅላት እየዳበሰች፣ በግራ እጇ የራሷን ብርጭቆ አንስታ እስከ መጨረሻው ጠጣች። ከዚያ ወደ ሬዲዮኑ በአገጯ ጠቆመች።

«ቤህዛድ፣ ያንንም ከዚያ አንሳው። ሠርግ ቤት ውስጥ የሌላ ሰው ጠጠር አይቀመጥም።»

ቤህዛድ ተነሳ። ብርጭቆውን አነሳና የት እንደሚያደርገው ጠፍቶት፣ ጠጠሮቹ እጁ ላይ እየተንኳኩ፣ በሩ ላይ ቆመ።